ለእኔ ያስቀመጠው ትል

በእኛ አገር ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ይዘጋል። እንግዳ አይቀበልም፤ ሥራ አይጠየቅም፤ የት ጠፋህም አይባልም። ጎረቤት መጥቶ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ካሉት፣ «ያሽርልሽ» ብሎ ይመለሳል። እኔም ሕመሜ የጀመረኝ ጊዜ ከሰው የተሸሸግሁት በዚሁ ነው። የሚያስቀምጠኝ ደምና ንፍጥ የመሰለ ነገር ነበር። ከሽንት ቤት ወጥቼ ቤት ሳልደርስ እንደገና ያስሮጠኛል። ይህን ለማን ይነግሩታል? «ኮሶ ጠጥቻለሁ» እያልሁ በሬን ዘጋሁ።

አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ሁለት ጎረቤቶቼ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ብርቄ ዛሬም ኮሶ ጠጥታለች።»

«ኧረ በማርያም! ስንት ትል ቢኖርባት ነው?»

«ባሏ ከቆላ በሬ እየነዳ ጥሬውን ሳያበላት አይቀርም።»

ሳቁ። እኔ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር።

የምኖረው እንጅባራ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በጥር የአገው ፈረሰኞች ለበዓላቸው ሲወጡ ፈረሶቹ የሚለብሱትንም እሰፋለሁ። ከፈረሰኞቹ አንዱ የሆነው ባለቤቴ እንየው ይባል ነበር። «ነበር» ብዬ ስጽፍ እጄ ይቆማል፤ ስለዚህ በቀን ጥቂት መስመር ብቻ ነው የምጽፈው። የምጽፈውም እንደ እኔ ሆዱን ታሞ ለሚደብቅ ሰው፣ እንደ እንየውም ቆላ ወርዶ ለሚያርስ ሰው ነው። ልጅ አልወለድንም። የምንኖረው ከእናቱ ከእማማ ውብነሽ ጋር ነበር። አሁን እኔና እማማ ቀርተናል።

እንየው እዚህ ደጋው ላይ ድንች ይተክላል። ጃዊ ቆላ ደግሞ በኪራይ የያዘው መሬት ነበረው፤ በቆሎና ሰሊጥ የሚዘራበት። እዚያ የሚያግዘው ሰይድ የሚባል ጎረቤቱ ነው። የሰይድ ቤተሰቦች ድሮ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው የቀሩ ናቸው። እንየው ለአረምና ለአጨዳ ሲወርድ ከሰይድ ቤት እያደረ ሳምንታት ይቆያል። መስኖው ውስጥ ይቆማል፤ ወንዙ ውስጥ ይታጠባል። ቆላ ለወረደ ሰው ያ ውሃ ብቸኛው እረፍቱ ነው።

እሱ ቆላ ሳለ ነው እኔ የከሳሁት። መጀመሪያ የነቁብኝ እማማ ውብነሽ ናቸው። እማማ ገጠር ያደጉ ናቸው፤ ሲጸልዩና ሲቆጡ በአገውኛ ነው፤ ሲመክሩ ግን በአማርኛ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ያህል ኮሶ ከየት ታመጫለሽ? እኔ ያስቀመጥሁት አልተነካም እኮ» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ ስፌቴ መለስሁ።

«በውሸት ስትጠጪ ነው የከረምሽው። እውነተኛውን ብትጠጪው ኖሮ ይለቅሽ ነበር። ትል ነው የያዘሽ።»

አዘጋጁልኝ። ጠጣሁ። በዚያ ቀን ከወገቤ በታች ተቆርጦ የወደቀ መሰለኝ። ደሙ ሲበዛ እማማ «ትሉ እየተቆረጠ ነው፤ ደሙ የእሱ ነው» አሉ። እኔም አመንኋቸው። እሳቸው በዕድሜያቸው ሙሉ ኮሶ ጠጥተው የዳኑ ናቸው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?

ከዚያ ወደ ክሊኒክ ሄድሁ። የመጀመሪያው ሰገራዬን መርምሮ አሜባ ነው አለኝ። የሰጠኝ ክኒን አፌን ብረት ብረት አሰኘው። አንድ ሳምንት ተሻለኝ፤ ተመለሰ። ሁለተኛው ደሜን አይቶ ታይፎይድ ነው አለ። ሌላው ጃርዲያ። የመጨረሻው ሳያየኝ በጥያቄ ብቻ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። የሆድ ነገር ሁሉ መጀመሪያው ይመሳሰላል፤ እኔም አፍሬ ግማሹን አልተናገርሁም ነበር። ግን አንባቢዬ ይህን ይያዝልኝ፤ ተቅማጡ ደም ካለው፣ መድኃኒት ተወስዶም ተመላልሶ ከመጣ፣ አሜባ ነው ተብሎ ቤት መቀመጥ የለበትም።

ከክሊኒኮቹ ሁሉ የማልረሳው አግዳሚ ወንበሩን ነው። ሁልጊዜ ወደ ሽንት ቤቱ በር የሚቀርበውን ጫፍ እመርጣለሁ። አንድ ቀን ተራዬ ሊደርስ ሲል ሆዴ አስነሳኝ። ብሄድ ተራው ያልፈኛል፣ ብቀመጥ እዋረዳለሁ። አጠገቤ እጇ በከሰል የጠቆረ፣ ከአዲስ ቅዳም የመጣች ሴት ነበረች። ነጠላዋን አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝና «ሂጂ፣ ቦታሽን እኔ አለሁበት» አለች። ስመለስ ሁለት ሰዎች እየተቆጧት ነበር። እሷ ግን «እህቴ ናት አልኋችሁ እኮ! አሁን ደግሞ እህትነታችንን ልትመረምሩ ነው?» ትላለች። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

እንየው ከአጨዳ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ አየኝ። አላወቀኝም ብዬ አሰብሁ፤ ያን ያህል ቆየ። ከዚያ ለእናቱ «ይህችን ሴት ምን አድርጋችሁ ነው የጠበቃችሁኝ?» አላቸው። በነጋታው ለከሰል ያልደረሰውን የዲከረንስ ዛፋችንን በቁሙ ሸጠና ባሕር ዳር ወሰደኝ።

ሆስፒታሉ ደሜ አልቋል አለ። እንየው ወዲያው እጅጌውን ሰበሰበ። ደም ሰጥቶ ሲያበቃም ነርሷን «ካነሳት ድገሚኝ» አላት።

«ጋሼ፣ ይህ የላም ወተት አይደለም፤ ጠዋትና ማታ አይታለብም» አለችው።

እሱ ግን የእሱ ደም ነው ወደ ክንዴ የሚገባው ብሎ አመነ። ከደሙ ከረጢት ጎን ተቀምጦ እስኪያልቅ ተመለከተው። ፊቴ ትንሽ ቀላ ሲል «አየሽ፣ የእኔ ደም እኮ የፈረሰኛ ደም ነው» አለኝ።

በኋላ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በመቀመጫዬ አስገብተው አንጀቴን አዩት። ውጤቱን የነገረችን ዶክተር ወጣት ሴት ናት፤ አሁንም የምታክመኝ እሷው ናት። የሕመሜ ስም አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ይባላል አለች፤ የትልቁ አንጀት ብግነትና ቁስለት ነው።

እንየው ግራ ገባው። «እኛ እኮ ትል ነው ብለን ነው ስንደክም የከረምነው። ታዲያ ትል የለባትም ነው የሚሉኝ?»

«የለባትም ጋሼ። ሰውነታችን ከውጭ የሚመጣን ጠላት የሚከላከልበት ኃይል አለው። የእሷ ተሳስቶ የራሷን አንጀት ነው የሚወጋው። አንጀቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ብግነት የምንለው እሱን ነው።»

«ከምን መጣባት?»

«በትክክል የሚያውቅ የለም። እንዲያውም የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። አንዳንድ ትሎች፣ ለምሳሌ ቢልሃርዚያ፣ ሰው ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ሰውነት ለምን አያባርራቸውም? ከራሳቸው የሚያመነጩት ፕሮቲን አለ። እሱ የሰውነትን መከላከያ ያባብለዋል፤ ዝም ያሰኘዋል። ተመራማሪዎች ያን ፕሮቲን ለብቻው ለይተው እንደ እርሷ ላለው ብግነት መድኃኒት ሊሠሩበት እየሞከሩ ነው።»

እንየው ወደ ወንበሩ ጫፍ መጣ። «ከትሉ?»

«ከትሉ ፕሮቲን። ከነትሉ አይደለም። ገና ምርምር ላይ ነው፤ መድኃኒት ሆኖ አልወጣም፤ ላይወጣም ይችላል። ትሉ ራሱማ ሰው ይገድላል።»

«ሲወጣ ለእሷ ይሆናል?»

«ከወጣ፣ ምናልባት» አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ወደሚታዘዝልኝ መድኃኒት አለፈች። እኔ የሰማሁት የመድኃኒቱን አወሳሰድ ነው። እሱ የሰማው ሌላ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እንየው በድንገት «ብርቄ» አለኝ። «አምና ቆላ ሲመረምሩኝ ቢልሃርዚያ አለብህ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ክኒኑን አልዋጥህም እንዴ?»

«ዋጥሁ። ግን ውጬ ሳበቃ ተመልሼ የገባሁት እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። አሁንም ሳይኖርብኝ አይቀርም።» ድምፁን ከፍ አደረገ። «ደሜን ሰጠሁሽ፤ ትሌንም እሰጥሻለሁ!»

ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ዞረ። «ወንድሜ፣ እኛ ለሚስቶቻችን ቀሚስ ነው የምንሰጠው።»

«አንተ የሚሰጥ ትል ስለሌለህ ነው» አለው እንየው።

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከታመምሁ ወዲህ ሆዴን ሳልይዝ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። እንየው ሲቀልድ የማያምንበትን ነገር እንደማይናገር በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ብግነቱን በፍጥነት የሚያበርድ ነው፤ ፊቴን እንደ ዳቦ ነፋው፤ እንቅልፌንም ወሰደው። ዶክተሯ ቀስ በቀስ እየቀነሰች አስተወችኝ። ሁለተኛውን እስከ ዛሬ እወስደዋለሁ። መዳን የምለው ይህን ነው፤ በሽታው አልጠፋም፣ ተኝቷል። ሌሊት ሌሊት ሆዴ ትንሽ ሲጮህ ነቃ እያልሁ እያደመጥሁ አድር ነበር። እንደዚያም ሆኖ ከወራት በኋላ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስሁ። ለእንየው ፈረስ ለዳማ ቀይ ከፋይ ቆርጬ የአንገቱን ጌጥ ሰፋሁለት።

በመካከሉ መንገድ ተዘጋ። መኪና የለም፤ መድኃኒቴ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው፤ እንጅባራ ፈልገን አጣን። እንየው ዳማን ጭኖ ዳንግላ ድረስ ሄደ። በማግስቱ ሲመለስ ፈረሱም እሱም በጭቃ ተለብጠዋል፤ መድኃኒቱ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ደረቅ ነበር።

«ፋርማሲስቱን ያ ከትል የሚሠራው መጥቶ እንደሆን ጠየቅሁት» አለኝ ቦት ጫማውን እያወለቀ።

«ምን አለህ?»

«'አባባ፣ እኛ ትል የሚገድል እንጂ ትል የሚሸጥ አይደለንም' አለኝ። ልጅ ነው፤ አልሰማም መሰል።»

ዳማን በየክረምቱ መግቢያና መውጫ የእንስሳት ክሊኒክ ወስዶ የትል መድኃኒት ያስግተዋል። አንድ ጊዜ ሲመለስ «አንተስ? ቆላ ለቢልሃርዚያ የሚያድሉትን ክኒን ትወስዳለህ?» አልሁት። «አዎ» አለኝ። የፈረሱን ጎን እያሻሸ ነበር።

ከዚያ ሁለት አጨዳ አለፈ። እንየው ክንዱና ፊቱ ከሳ፤ ሆዱ ግን ገፋ አለ። እኔ ልብሱን የምሰፋ ነኝና ቀበቶውን በየጊዜው ወደ ጫፉ ቀዳዳ ሲያዛውር አየሁ። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስለው «የባቄላ ንፋት ነው፣ ይበርዳል» ይለኛል። ግራ ጎኑ ሥር ይከብደዋል፤ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ትንፋሹን ይይዛል። «ጥር ይለፍና» አለኝ። እኔ ከሞት አፋፍ የተመለስሁ ስለሆንሁ ቤታችን የያዘው የመከራ ድርሻ የተከፈለ መስሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ለፈረሰኞቹ ስብሰባ ሊሄድ ዳማን ሲጭን ያሳለው መሰለኝ። ስወጣ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ከአፉ የወጣው ደም ነበር፤ ሣሩን አልብሶታል። «አትፍሪ፣ ከሆዴ ነው» አለኝ፤ ሌላም ነገር ሊለኝ ነበር፣ ደሙ ከለከለው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

ሐኪሙ ጉበቱ ለብዙ ጊዜ ተጎድቷል፤ ደሙ መሄጃ አጥቶ በጉሮሮው ሥር ያሉትን ሥሮች ወጥሮ አፈነዳቸው አለን። ይህ የቢልሃርዚያ ሥራ ነው፤ የሚደሙትን ሥሮች ማሰር የሚችሉት ባሕር ዳር ነው አለ። መንገዱ እንደገና ተዘግቶ ነበር። ደም ሲጠየቅ እኔ እጄን ዘረጋሁ። «አንቺ ራስሽ በሽተኛ ነሽ» ብለው መለሱኝ። ከፈረሰኞቹ ሁለት ሰጡ። አልበቃም። ከሰዓት በኋላ አረፈ።

ሐኪሙ መዝገቡ ላይ እየጻፈ «የሚታደለውን ክኒን ይወስድ ነበር?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር።

«አዎ» አልሁት።

ሰይድ የመጣው መንገድ ሲከፈት ነው። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። አንድ ጆንያ በቆሎ ከትከሻው አውርዶ መደቡ ላይ ተቀመጠና እንደ ሴት አለቀሰ። ቆሎ አቀረብሁለት፤ በእጁ ያዘው እንጂ አልበላም።

«እታለም» አለኝ። «አንድ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። ይዤው መመለስ አልችልም።»

«ይናገሩ ጋሼ ሰይድ።»

«ክኒን አዳዮቹ ሲመጡ በእንጨት ነው የሚለኩን። ምልክት ምልክት ያለው ረጅም እንጨት ነው፤ ቁመትሽ የደረሰበት ምልክት ስንት እንደምትውጪ ይናገራል። እንየው ያው ቁመቱን ታውቂዋለሽ፤ ብዙ ነው የሚደርሰው። 'አንተ ቀበኛ፣ የእኛንም አንተው ልትጨርሰው ነው' እለው ነበር። ወደ አፉ ይወረውረዋል፤ ውሃ ይጎነጫል፤ ከዚያ በቆሎው ውስጥ ገብቶ ይተፋዋል። አየሁት። በዓመቱም ደገመው።»

እማማ ውብነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና አሉ።

«ምን አሉት?» አልሁት።

«ሰደብሁት። 'ምን ነካህ?' አልሁት። 'ዝም በል ሰይድ፣ የብርቄ መድኃኒት ነው' አለኝ። 'ሐኪሟ ከዚህ ትል ነው የሚሠራው ብላለች። ደም ያነሳት ጊዜ ከእኔ ነው የወሰዱት። መድኃኒቱ የሚሠራበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ትል ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ሁሉም ክኒን ውጦ ጨርሶታል፤ ከየት ያመጣሉ? ያን ጊዜ እኔ እቀርባለሁ' አለኝ።» ሰይድ ቆሎውን ሳህኑ ላይ መለሰው። «ወላሂ ሳቅሁበት። 'እንግዲያው በደንብ ቀልበው' አልሁት።»

እማማ መጀመሪያ በአገውኛ ተናገሩ። ከዚያ ሰይድም እንዲሰማ ይሁን እኔ አልሰማሁም እንዳልል፣ በአማርኛ ደገሙት።

«ልጄን አንቺ በላሽው። ያንቺ ሆድ ነው የበላው።»

«ተዉ እማማ፣ እንዲህ አይባልም» አላቸው ሰይድ። እሳቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ቤት ሆንን። እሳቸው ለብቻ ይበላሉ፣ እኔ ለብቻ። መድኃኒቴ መደርደሪያው ላይ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ነበር፤ እንየው ከዳንግላ ባመጣበት ላስቲክ ነው የማስቀምጠው። ማየት አቃተኝ። መጀመሪያ አንድ ቀን ዘለልሁ፤ ከዚያ ተውሁት። ልሙት ብዬ አልነበረም። እጄ ወደዚያ አልሄድ አለኝ እንጂ።

ደሙ ተመለሰ። እኔም ወደ አሮጌው ነገሬ ተመለስሁ፤ በሬን ዘጋሁ። ሰው «ቤቶች!» ሲል «ኮሶ ጠጥቻለሁ» አልሁ።

አንድ ጠዋት በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እማማ ውብነሽ ናቸው። በአንድ እጃቸው ብርጭቆ ይዘዋል፤ በሌላው መዳፋቸው ላይ ክኒኖቼ አሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን እንየው ጠዋት ጠዋት ሲሰጠኝ ስንት እንደሚያወጣ ሲያዩ ኖረው ኖሯል። ልክ ነበር።

«ዋጪ» አሉኝ።

«እማማ...»

«ዋጪ አልሁሽ! ኮሶ ጠጥቻለሁ የምትዪው ለእኔ ነው? ያን ውሸትሽን መጀመሪያ የነቃሁብሽ እኔ አይደለሁ? እሱ ትል ይዞ የሞተው አንቺ እንድትኖሪ ነው። ሁለታችሁንም አልቀብርም።»

ዋጥሁ። እግሬ ሥር ተቀመጡ። ተቃቅፈን አለቀስን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን እንደዚያ አልሆነም። ብርጭቆውን ተቀብለውኝ ወጡ። በነጋታው ግን ተመልሰው መጡ፤ በማግስቱም። አንድ ሳህን ላይ መብላት የጀመርነው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ባሕር ዳር ስሄድ ለዶክተሯ ነገርኋት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ያን ነገር ባልነግረው ኖሮ» አለች።

«ትሉ ይገድላል ብለሽ ነግረሽዋል። እኔ አጠገቡ ነበርሁ» አልኋት። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ክኒኑን ቢውጠው ይተርፍ ነበር?»

«ጉበቱ የተጎዳው እኔ ጋ ከመምጣታችሁ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። ግን ክኒኑ ትሉን ገድሎ ጉዳቱን ያስቆም ነበር። ዕድሜ ይሰጠው ነበር ወይ? ሊሰጠው ይችላል። እርግጠኛ ነኝ ብልሽ እዋሻለሁ።»

ስላልዋሸችኝ አመሰገንኋት። ያን መልስ ይዞ መኖር ከባድ ነው። አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም።

«ያ መድኃኒትስ? መጣ?» አልኋት።

«አልመጣም። አሁንም እየሠሩበት ነው።» ከዚያ ልታስረዳኝ ወረቀት ላይ ሳለችልኝ። ትሉን ከሰው አያወጡም። የፕሮቲኑን አሠራር ካወቁ በኋላ በቤተ ሙከራ ራሳቸው ያዘጋጁታል፤ ሆድ ውስጥ ትል ያለው ሰው አያስፈልጋቸውም። አንድም ቀን አያስፈልጋቸውም ነበር። ሥዕሉን አጣጥፌ ልወስደው ነበር፤ ተውሁት። ለማን አሳየዋለሁ?

ይህን የምጽፍላችሁ ሳይንስ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ያ መድኃኒት አንድ ቀን ይወጣ ይሆናል፤ ቢወጣ እኔም እውጠዋለሁ። ግን ሐኪም ስለሚመጣው ሲነግራችሁ ስላለውም ጠይቁት። «እኔስ ዛሬ ምን ላድርግ?» በሉት። እንየው ያልጠየቀው ይህን አንዱን ነው፤ ስለራሱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

የቆላውን እርሻ አሁን እኔ ነኝ የምከታተለው። ዘንድሮ ለአረሙ ወረድሁ። ዶክተሯን ክኒን አዳዮች ቢያጋጥሙኝ ልዋጥ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ ከመድኃኒትሽ ጋር አይጣላም፣ ዋጪ ብላኛለች። እንዳጋጣሚ እዚያው ሳለሁ መጡ። የሰይድ ግቢ ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ሰይድ ከአዳይዋ ልጅ ጎን በትሩን ይዞ ቆሟል። ማንም ክኒን አፉ ውስጥ ይዞ አያልፈውም።

«አፍ!» ይላል። «ምላስ አንሣ! ጉንጭህንም አሳየኝ!»

«ሰይድ ዘንድሮ ፖሊስ ሆኗል» አለ አንዱ ሽማግሌ ከሰልፉ። «ጥርሳችንን ቆጥሮ ገበያ ሊያወጣን ነው።»

«ያንተን ጥርስ ለመቁጠር ጊዜ አይፈጅብኝም፤ ክፈት!»

ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ጫማዬን አስወልቃ ከእንጨቱ ጋር አስጠጋችኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ከራሴ በላይ ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ የእሱ የትኛው እንደነበር ዓይኔ ፈልጎ አገኘው። ልጅቷ ክኒኖቹን መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ትልልቅ ናቸው፤ ይመራሉ። በቆሎው ከአጥሩ ወዲያ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል።

አንድ በአንድ ዋጥኋቸው። ሰይድ ፊቴ ቆሞ ነበር፤ ለእኔ ግን «አፍ» አላለኝም።

ራሴው አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ምላሴንም አነሣሁ።